የድድ ኡኡታ

ከጎልማሶች ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ወንበሬ ተሠርቶ እንደሆነ ልጠይቅ ወደ ሶፋ አዳሹ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሰፈሩ ጋሽ ሚስማር ይላቸዋል፤ ሲሠሩ ትናንሽ ሚስማሮችን በከንፈራቸው ይዘው አንድ በአንድ እየመዘዙ ስለሚመቱ ነው። ያን ቀን ግን ከአፋቸው የተንጠለጠለው ሰም የተቀባ የመስፊያ ክር ነበር። ጫፉ የፊት ጥርሳቸው ላይ ታስሯል።

«እንኳን መጣሽ እቴ» አሉኝ። «ይህን ክር ያዢና አንዴ ሳብ አድርጊልኝ። ጥርሴ እየተነቃነቀ ሥራ አስፈታኝ።»

እኔ እንኳን ጥርስ ልነቅል፣ ከልጄ ጣት እሾህ ለማውጣትም ጎረቤት እጠራለሁ። «ኧረ ጋሼ፣ አልችልም» ስል የእህታቸው ልጅ ምሳ ይዛላቸው ገባች። ይህች ልጅ ላቦራቶሪ ውስጥ የታመመ ድድ የምትመረምር ናት።

«አጎቴ፣ ይህ ክር የሶፋ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ያረጀ ነገር መላላቱ አይቀርም። አባቴም ጥርሱን በእጁ ነበር የሚለቅመው።»

«ድድዎ ይደማል?»

«ይደማል። መጥፎ ደም ነው፤ ይውጣ። ቡርሽ ሲነካው ስለሚብስበት መቦረሹን ከተውኩት ቆየሁ።»

ጆሮዬን አቆምኩ። ትንሿ ልጄም ደም ባየችበት በኩል መቦረሽ ካቆመች ሰንብታለች።

«ጉዳቱ ከመተዉ ነው» አለች የእህታቸው ልጅ። «ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ቆሻሻ ሲጠራቀም ተህዋስያን ይራባሉ። ድድዎ የተሠራባቸው ጥቃቅን ሴሎች ይህን ሲያውቁ ኡኡ ይላሉ። ድምፅ የላቸውምና የሚጮኹት መልእክት የሚያደርሱ ረቂቅ ንጥረ ነገሮችን እየረጩ ነው። ኡኡታውን የሰሙ የሰውነት ጠባቂዎች በደም ሥር ይደርሳሉ። ድዱ የሚቀላውና የሚያብጠው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ጎረቤት መድረሱ ምን ክፋት አለው?»

«ደርሶ ከተመለሰማ ደግ ነው። ሌባው ተህዋስ ሳይወጣ ኡኡታው ወራት ቢቀጥልስ? በጨለማ ዱላ የሚወረውር ሰው አጥሩንም በሩንም ይሰብራል። መልእክቱ አላቋርጥ ሲል፣ ጥርሱን የያዘውን አጥንት የሚበሉ ሴሎች ይነቃሉ። ጥርስዎን ያላላው እርጅና ብቻ አይደለም፤ የራስዎ ጠባቂዎችም አሉበት።»

ጋሽ ሚስማር ክሩን እንዳንጠለጠሉ አሰቡ። «እንግዲያው ጩኸቱን ዝም የሚያሰኝ ኪኒን ስጪኝና እንገላገል።»

«ሌባውን አስቀምጦ የጮኸውን ማፈን?» አለችና ዞር ብላ ወለሉ ላይ ዓፅሙ የቀረውን ወንበሬን አየች። «ይህን ለምን እንዲህ ገፈፉት? ከላይ አዲስ ጨርቅ ቢያለብሱት አይቀልም ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው?» ተቆጡ። «ስፖንጁ ርሶ በስብሷል። ሳላወጣው ባለብሰው እንጨቱን ይጨርሰዋል። ለባለቤቲቱም ነግሬያታለሁ።»

እውነት ነው፤ ነግረውኛል። ጋሽ ሚስማር አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ የእህታቸውን ልጅ አዩና ሳቁ፤ ክሩም አብሮ ተወዛወዘ።

«በገዛ መዶሻዬ መታሽኝ። ግን ይተርፋል ወይ?»

«የጠፋው አጥንት እንደ ነበረ አይመለስም፤ አልዋሽዎትም። የቀረውን ለማትረፍ ግን ሐኪም ይየው። የጠጠረውን ቆሻሻ እሱ ይፍቅልዎት፤ የየቀኑ ፅዳት የእርስዎ ነው።»

«የልጄም ድድ ይደማል፤ የሚደማውም ቦታ ይቦረሻል?» አልኩ በፍርሃት።

«እሱማ ይበልጥ፣ እትዬ። በለስላሳ ቡርሽ፣ በቀስታ። ደሙ ካልቀነሰ ልጅዎን ሐኪም ያሳዩ።»

ጋሽ ሚስማር መቀስ አንስተው ክሩን ጥርሳቸው ሥር ቆረጡት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወንበሬን ልወስድ ስመለስ ሚስማሮቹ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ተቀምጠዋል። «ሐኪሙ አፍ የመሣሪያ ሣጥን አይደለም አለኝ» አሉ። ድዳቸው መድማት ትቷል፤ የአፋቸው ሽታ ጠፍቷል፤ ጥርሳቸውም መነቃነቁ ቀንሶ ዳቦ ይገምጡበታል። የልጄም ቡርሽ ላይ ደም ካየሁ ሰነበትኩ። እንደ እኔ ዘግይታችሁ ፊደል የቆጠራችሁ እናቶች ይህን አንብቡልኝ፦ የድድ ደም ይውጣ የሚባል ሳይሆን የድረሱልኝ ጥሪ ነው። በጊዜ የሰማው ጥርሱን ያተርፋል፣ እህሉን አላምጦ ይበላል፣ ከሕመምም ያርፋል።

«ያ ክርስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ወንበሬን ገልብጠው ጠንካራ ስፌቱን አሳዩኝ። «የታሰረበትን ጫፍ ጣልኩት፤ ቀሪው ሥራውን አገኘ» አሉ።