የፈረንጆቹ ተጎታች ቤት

እኔ ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጋራዥ አለኝ፤ ፊት ለፊቴ ደግሞ የማቲዎስ ጋራዥ አለ። አንድ ቀን ሁለት ፈረንጆች በመኪናቸው የሚጎተት ቤት ይዘው መጡ። ታዲያ የኔን በር አልፈው ማቲዎስ ጋ አይገቡም! አንጀቴ አረረ። የያዝኩትን ሥራ ጥዬ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። የቤቱ ማሞቂያ ውሃ ያፈሳል፤ ማቲዎስ ከላይ ይሞላል፣ ከታች ይንጠባጠባል፣ ቧንቧውን ቢዳብስ ቢዳብስ ቦታውን ሊያገኘው አልቻለም። ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለኝ።

ሲቸግረው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «በሞቴ፣ አንዴ እይልኝ» አለኝ። በሞቴ ከተባለ እምቢ አይባል ነገር፣ ሄድኩ። «ማሞቂያውን አብራው» አልኩት። «በዚህ በሀዋሳ ሙቀት?» ብሎ ሳቀብኝ። «ውሃው ሲግል ነው ግፊቱ የሚጨምረው፤ ያኔ ራሱ ያሳይሃል» አልኩና ቧንቧው የሚያልፍበት የተጎታቹ ቤት አልጋ ሥር በደረቴ ገባሁ። እውነትም የአንዱ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ጠብ ጠብ ይላል። በላብ ተጠምቄ ሳጠብቀው ውጪ ጭብጨባ ሰማሁ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ እየተሳብኩ ስወጣ፣ ፈረንጆቹ ማቲዎስን መሀል አድርገው ፎቶ ተነስተው ጨርሰዋል።

ማቲዎስ ፈረንጆቹ የላኩለትን ያንን ፎቶ አሳጥቦ ጋራዡ በር ላይ ሰቀለው። ከኋላቸው፣ በተከፈተው የቤቱ በር፣ ከአልጋ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ከነጫማቸው ይታያሉ። ባለፈው አንድ ደንበኛ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ ሲጠይቀው በጆሮዬ ሰማሁ።

«ረዳቴ ነው» አለው።

ያንን ጫማ ሁለተኛ አላደረግኩትም።