የትርሲት ሠርግ እንዴት እንደቀረ

ድሬዳዋ ውስጥ ያለ እኔ ድምፅ የተዳረ ሰው ካለ ትዳሩ እስካሁን መፍረስ የነበረበት ነው። ስሜ ዓለምሰገድ፣ ሥራዬ የሠርግ መድረክ መምራት ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ድምፄን ከባቡሩ የወረስኩት ይመስለኛል፤ ሳቢያን ሰፈር ቆሜ “እልል በሉ!” ስል ከሩቅ መጋላ ሰፈር ያለች ሙሽራ ትደነግጣለች። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ አንባቢ ማን እንደሚያወራው ይወቅ ብዬ ነው።

አንድ ቀን ሽርጥ ልገዛ ወደ መጋላ ሄድኩ። ፀሐዩ ሰውን ተዉት፣ የባጃጅ ወንበር ያቀልጣል። ወደ አዴር ዒጋል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጎራ ስል ሳላስበው ዮርዲን እዚያ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ዮርዲ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የቴሌቪዥን ድራማ ትጽፋለች። በዚያ ሰሞን የያዘችው የቡራሌንና የትርሲትን አፈ ታሪክ ነበር። ያንን ታሪክ ከነሙሉ ቃሉ የሚያውቁት ደግሞ አዴር ዒጋል ናቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እኚህ ሰውዬ ለመጋላ ሰው በሙሉ አጎት ናቸው።

ድራማው ውስጥ የእኔም እጅ ነበረበት። የቴሌቪዥን ጣቢያው ተመልካች ደስ እንዲለው መጨረሻው ላይ ሠርግ ይጨመር ብሎ ነበር፤ ሠርጉ ካለ የሙሽራውን አባት ሆኜ የምሠራው እኔ ነኝ። ካባውን ለክቼዋለሁ። ንጉሥ ቢያየኝ ወንበሩን ይለቅልኝ ነበር።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር፤ ባጭሩ መናገር ባይሆንልኝም። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሳትኖር፣ የደጋው ንጉሥና የቆላው ሱልጣን በሚዋጉበት በዚያ ሩቅ ዘመን፣ ቡራሌ የሚባል የቅፍለት መሪ ከባሕር ዳርቻ በግመል ጨው ጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ትርሲት የኬላው ሹም ልጅ ናት። ግመሎቹ ቀረጥ እስኪከፈልባቸው ሲቆሙ ሁለቱ ተያዩ፤ ተዋደዱም። ጦርነቱ ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። ቡራሌ ጀልዴሳ አካባቢ ቆስሎ ሊሞት ሲል ለባልንጀራው የመጨረሻ ቃሉን አስያዘው፤ “አትጠብቂኝ፣ ከሰው ጋር ኑሪ በላት” አለው። የዚያን ጊዜ መልእክት የሚሄደው በአፍ ነው። የሰው ቃል የያዘ ሰው አንዲት ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ክብሩም እሱ ነው። ይህኛው ግን ትርሲትን ወንዙ ዳር ቆማ ሲያያት አሳዘነችውና “እመጣለሁ ብሏል” አላት። እሷም ፀጉሯ እስኪሸብት ወንዙ ዳር ጠበቀች። የቀረውን አዴር ዒጋል ራሳቸው ይነግሩናል።

“ወሪያ ዓለምሰገድ! በሰዓቱ መጣህ” አሉኝ አዴር፣ ሽርጡን ሳልጠይቃቸው። “ተቀመጥና ፍረድ። ይቺ ልጅ እምቢ አለችኝ።”

“ምን ቢሏት ነው?”

“አጋቢያቸው አልኳት።”

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እኚህ ሰውዬ እኮ ተረት እየተናገሩ አንድ እንግዳ በመሐል አንዲት ቃል ቢያርማቸው፣ ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምሩ ናቸው!

“ጋሼ፣ እኔም እንደ እርስዎ ደንግጫለሁ” አለች ዮርዲ። “የመጣሁት አዴር ሠርጉን ይከለክሉኛል ብዬ ነው። ‘የታሪኩ ባለቤት እንዲህ አሉ’ ብዬ ከጣቢያው ጋር ልከራከር ነበር። እሳቸው ግን ከጣቢያው ብሰው አገኘኋቸው።”

“ይጋቡ እንጂ! ምን ችግር አለው?” አልኩ፣ ካባዬ ትዝ ብሎኝ። “መቶ ግመል እናሰልፍ። ሁለት መቶ!”

“ስድስት ግመል ነው ያገኘነው፣ ጋሼ። አንዱም ያነክሳል።”

አዴር ዒጋል በትዕግሥት አዳመጡንና በጨዋ ደንብ ክርክራቸውን ጀመሩ። “ልጄ፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያንገበግበው ይውላል። ቤቱ ገብቶ ቴሌቪዥን ሲከፍት ደግሞ ሌላ ሐዘን ይጠብቀው? ቡራሌ ከሞተ ስንት መቶ ዓመት ሆነው። ቢመጣ ማን ይከሰናል?”

“ማንም አይከሰንም፣ አዴር። እኔም ብዙ ነገር ለውጫለሁ። የሚነጋገሩት በዛሬ አማርኛና በዛሬ ሶማሊኛ ነው። ትርሲት በእርስዎ ታሪክ ውስጥ አባቷ ፊት ቃል አትተነፍስም፤ በእኔ ግን ትመልስለታለች። ይህን ስነግርዎት አልተቆጡኝም።”

“ለምን ልቆጣ? እሱ ልብሱ ነው። ልብስ ሻጭ ነኝ፣ ልብስ እንደሚለወጥ አውቃለሁ።”

“ታዲያ የማይለወጠው የቱ ነው?”

ሰውዬው የታጠፈ ጨርቅ አነሡና እንደገና አጠፉት።

“እኔ ልንገርዎት” አለች ዮርዲ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ቡራሌ ከመጣ መልእክተኛው አልዋሸም ማለት ነው። እሱ ካልዋሸ ደግሞ ይህ ታሪክ ምኑን ታሪክ ሆነ? አንዲት ሴት ዕድሜዋን የጨረሰችው ሰው ስላዘነላት ነው። እኔም ለተመልካች አዝኜ ሠርግ ብጨምርለት ያው መልእክተኛውን ሆንኩ።”

“መልእክተኛውን ተይው!” አዴር ዒጋል ጮኹ። ስንት ዓመት ሳውቃቸው ጮኸው አያውቁም። “መልእክተኛው ምን ያድርግ? ፊቷን አየ! አንቺ ብትሆኚ ያንን ፊት እያየሽ ትነግሪያት ነበር?”

“እንጃ፣ አዴር” አለች ልጅቱ። “ላይሆንልኝ ይችላል። ቃሉ ግን የእሷ ነበር። የሰው ዕቃ ወስዶ በሌላ ቀይሮ እንደመስጠት ነው።”

እዚህ ላይ ሽማግሌነቴን ላሳይ ብዬ ገባሁ። ስንት የተጣላ አማች ያስታረቅኩ ሰው ነኝ! “አንድ መላ አለኝ” አልኩ። “ሠርጉን ትርሲት በሕልሟ ትየው። ሞቱም ይቀራል፣ ሠርጉም ይኖራል።”

“አቦ ጋሼ፣ በሕልምም ካባውን ሊለብሱት ነው?” አለችኝ ዮርዲ። አዴር እንኳ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋና በሱቁ ጓሮ በኩል ወደተሰቀለው መጋረጃ ዞረው አዩ፤ ከዚያ ማዶ መኖሪያ ቤታቸው ነው።

“እህቴ ዐስሊ ታየዋለች” አሉ በሹክሹክታ። “ልጇ ሚክዳድ ባሕር ልሻገር ብሎ የሄደው ኮሮና ሳይመጣ ነው። ያቺን ሴት ወንዝ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ስታይ ምን ይሰማታል? ወላሂ፣ ለቴሌቪዥን ብዬ እህቴን አልገድልም።”

ዮርዲ ክርክሯን ተወችና “ከዚያ ወዲህ ምንም ወሬ የለም?” ስትል ጠየቀች።

“አለ። እኔ አመጣላታለሁ። ከሹፌሮች እየሰማሁ።”

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ከጨርቁ አልተነሣም። የተጋነነ ወሬ ከሩቅ በጠረኑ የማውቅ ሰው ነኝ፤ የሙያ ጉዳይ ነው። ይህ ወሬ ከሹፌር አልመጣም።

መጋረጃው ተገለጠ። ኤዶ ዐስሊ ወጡ፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፣ ቀጭን ረዥም ሴት ናቸው። መጋረጃ ግንብ አይደለም፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

“ዒጋል” አሉ ወንድማቸውን፣ “የትርሲትን መጨረሻ ንገረኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደምትናገረው አድርገህ።”

“አሁን?”

“አሁን።”

አዴር ዒጋል ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ በሺህ ሠርግ ላይ ተናግሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን ወጥቶኝ አያውቅም።

“መልእክተኛው አረጀ። መንገዱ ተከፈተ። በወንዙ ሲያልፍ አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴት ቆማ አየ። ከግመሉ ወረደ። ‘ቡራሌ የላከው፣ አትጠብቂኝ፣ ከሰው ጋር ኑሪ የሚል ነበር’ አላት። ትርሲት አላለቀሰችም። አልሰደበችውም። ‘ድገመው’ አለችው። ደገመው። ‘ድገመው’ አለችው። በቃሏ እስክትይዘው ደጋገመላት። ‘ይህን ሁሉ ዘመን ያንተን ቃል ታቅፌ ኖርኩ። የእሱን ዛሬ ሰጠኸኝ’ አለችው። ከወንዙ ዳር ተነሥታ ወደ ሰው ቤት ሄደች።”

“አየህ?” አሉ ኤዶ ዐስሊ። “አንዲት ቃል አልሳትክም። የልጄን ወሬ ግን አንድ ጊዜ ጅዳ ሹፌር ሆኗል አልከኝ። ሌላ ጊዜ ሱቅ ከፈተ። ለረመዳን ወፍሯል አልክ፣ ለዐረፋ አከሳኸው። ተረት ሳያዛንፍ የሚይዝ ሰው የሚክዳድ ወሬ ሲሆን ለምን ይለዋወጥበታል? ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፣ ወንድሜ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሺኝ?”

“ስሙን የሚጠራልኝ ሌላ ሰው የለማ።”

በመንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። አዴር ዒጋል ፊታቸውን በያዙት ጨርቅ ሸፈኑ።

“አውቶቡስ ተራ የሸኘኸው አንተ ነህ” አሉ ኤዶ። “ለእኔ ምን ብሎህ ሄደ? ያንተን አይደለም። የእሱን ንገረኝ።”

አዴር ቃሉን ከሆዳቸው ሲያወጡት ጊዜ ወሰደባቸው። “‘ብዘገይ እናቴ በር በሩን አትይ። አልጋዬን ለኒምኮ ስጧት’ አለኝ። አልጋውን ስጡ ካለ አልመለስም ማለቱ ነው ብዬ ፈራሁ። አልነገርኩሽም።”

ኒምኮ የአዴር ዒጋል ልጅ ናት። ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አሁን ኮሌጅ ገብታለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አክስቷ ክፍል ምንጣፍ ላይ ትተኛ ነበር፤ አጠገቧ አንድ አልጋ በንጹሕ አንሶላ ተነጥፎ ባዶውን ያድር ነበር።

ኤዶ ዐስሊ በጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። እኛ ለቅሶ ጠበቅን።

“ድገመው” አሉ።

ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜም አስደገሟቸው። ያን ጊዜ የኤዶ ፊት ቀስ ብሎ በራ። “አልጋውን አለ? ኒምኮ ማታ ማታ ትራገጣለች እያለ ሲያማርር የነበረው? ይሄ ሚክዳድ ነው። ልጄ ይሄ ነው። ጅዳ ያለውን ወፍራም ሰውዬ አላውቀውም ነበር።”

ሳቁም፣ አለቀሱም፤ የቱ እንደቀደመ አላየሁም።

ከዚያ ወደ ዮርዲ ዞሩ። “ልጄ፣ እንዳለ አሳዪው። ሰው ሁሉ ‘ይመጣል’ ይለኛል፤ እንዲያ ካለኝ በኋላ ተነሥቶ ይሄዳል። አብሮኝ የተቀመጠ የለም። እኔ እንደኔ የምትጠብቅ ሴት ማየት እፈልጋለሁ። ሙሽራ አልፈልግም።”

አዴር ዒጋል ጨርቁን ከፊታቸው አወረዱ። “ሠርጉን አውጪው” አሏት። “ጣቢያው ቢጠይቅሽ ዒጋል ከለከለኝ በያቸው። ግመሉም ያንክስ፣ ትርሲትም ለአባቷ ትመልስለት። መልእክተኛውን ግን እንዳትሸፍኚልኝ። እንደዋሸ ይታይ።”

የዚህን ምክር ጥቅም ያየነው ድራማው ከታየ በኋላ ነው። የዛሬ ልጆች የዱሮውን ታሪክ በዛሬ ቋንቋ ሰምተው ወደዱት፤ ታሪኩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም “የእኛ ነው” አሉ። ልብሱ ተለውጦ ቃሉ ስላልተለወጠ ሁለቱም ወገን አልተከፋም። ታሪክ አሳማሪዎች (ከእነሱ አለቃው እኔ ነኝ) ልብ ብንል ደግ ነው፤ ለሰው አዝነን የምንጨምርለት ደስታ የእኛ ቃል ነው፣ ከሩቅ ዘመን የተላከለት ግን ሌላ ነው። በኤዶ ዐስሊ ቤት ድራማውን ለማየት ልጆቻቸው ባሕር የተሻገሩባቸው እናቶች ተሰበሰቡ። ድራማው ካለቀ በኋላም መምጣታቸውን አላቆሙም። አዴር ዒጋል አሁን ወሬ አያመጡም፤ ሱቃቸውን ዘግተው አብረው ይቀመጣሉ፣ ሚክዳድ በልጅነቱ ያደረገውን እያነሡ ይጨዋወታሉ። ኒምኮም በአልጋው ላይ ትተኛለች፤ እየተራገጠች።

እኔስ? ሠርጉ ሲቀር የኬላ በር ከፋች ሆንኩ። የምለው “ግቡ!” ብቻ ነው። በዚያች አንዲት ቃል የምሥራቅ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሁሉ ድምፅ ማጉያው ሳይበላሽ አልቀረም።

ባለፈው ሳምንት ያን ቀን ሳልገዛ የቀረሁትን ሽርጥ ልወስድ ሄጄ በዚያው ኤዶ ዐስሊን ልጠይቃቸው ገባሁ። ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ከሴቶቹ ጋር ይጫወታሉ። በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለምን እንደማይዘጉት ብጠይቃቸው፣ “ሙቀት ነው፤ ለነፋሱ ነው” አሉኝ።

እንዳሉት ጻፍኩት። ምንም አልጨመርኩበትም።