አብሳይዋን አትቁጠሪ

ሄሎ... ሄሎ! ማነው?... ቀጮ! አንቺ ነሽ እንዴ? ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ፤ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ስልክ አይሰማም... አዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ተባረረች ያለሽ ማነው?... ገና አልተባረርኩም። ምናልባት ነገ።

— ልጅት፣ ያንን ጥግ ያለውን በጀርባው አስተኚልኝ! — አይ፣ አንቺን አይደለም፣ የሥራ ጓደኛዬን ነው።

ስሚኝማ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንጀቴን ሲበላኝ የኖረውን ነገር ታውቂዋለሽ... እሱኑ! ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ኃላፊዋ አብሳይዋን ነጭ ጋውን አልብሳ ከእኛ ጋር ታሰልፋታለች። የሰው ቁጥር እንዲሞላ ሞግዚት ተብላ ትቆጠራለች። ተቆጣጣሪ ሲወጣ ጋውኗን አውልቃ ወደ ድስቷ። እኔና አንቺስ? አፋችንን ለጉመን መሬት መሬት እናይ ነበር... እኔም አልረሳሁትም።

አሁን?... ሁለት ነን። ሕፃናቱ አሥራ አራት፣ አንድም በእግሩ የሚሄድ የለ... ሰባት ሰባት፣ አዎ። ለአንዱ ጡጦ ስሰጥ ስድስቱ ያለቅሳሉ።

የድሮው የሕፃናት ማቆያችን ትዝ ይልሻል? ሦስት ሆነን ዘጠኝ ሕፃን። የድሮዋ ኃላፊ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሰው ሁለት ክንድና አንድ ጭን ነው ያለው፤ አራተኛውን የት ልታደርጉት ነው?» ትል ነበር። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ፣ ፍራሹን እየጎተትን ስንከተላት... አዎ! ቀትር ላይ በሩ ጋ እንደርስ ነበር። እኔ እየዘፈንኩ አስተኛቸዋለሁ፣ አንቺ እየሳቅሽ ትቀሰቅሻቸዋለሽ... ሂጂ ወዲያ! ድምፄስ ምን ሆነ?

ሊቀመንበር ያልነውን ሕፃንስ? ያ ግንባሩን ቋጥሮ ሁላችንን የሚገመግመን!... መጀመሪያ የተራመደ ቀን እናቱ መሥሪያ ቤት ድረስ ደውለን... አንቺ ነሽ ያለቀስሽው፣ እኔ አላለቀስኩም! በቀደም መንገድ ላይ አየሁት እኮ። ጢሙን አሳድጎ! አላወቀኝም። ይሁን፤ መጀመሪያ ሲራመድ ያየሁት እኔ ነኝ አልኩ በሆዴ።

ባለፈው ወር ግን አንዷ እናት «ልጄ መዳህ የጀመረችው መቼ ነው?» አለችኝ። አላየሁማ! የሌላውን ዳይፐር ስቀይር ነው መሰለኝ ያመለጠኝ። «ዛሬ» ብዬ ዋሸሁ። ሴትዮዋ በደስታ አቀፈችኝ። ያን ለታ እህል አልወረደልኝም፣ ቀጮ።

— ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ልጅት! — ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?...

እና ዛሬ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች። አብሳይዋ ጋውኗን ለብሳ አጠገቤ ቆመች፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተች... አትሳቂ! ተቆጣጣሪዋ በእስክሪብቶዋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትል፣ «እታለም፣ እሷን አትቁጠሪ» አልኳት። «አብሳይ ናት፣ ድስት ጥዳ ነው የመጣችው። እኛ ሁለት ነን።»... ኃላፊዋማ ዓይኗ ሊወጣ! «አሟት ነው» አለች። «ደህና ነኝ» አልኩ... አብሳይዋ? አንገቷን ደፍታ፣ «እውነቷን ነው፣ እኔም ሰልችቶኛል» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ሰው ይቀጠር፣ እስከዚያ አዲስ ሕፃን እንዳይገባ... አዎ፣ በወረቀት! ከዚያ «ምስክር ሆነው ካልፈረሙ ወሬ ሆኖ ይቀራል» አለችኝ። ኃላፊዋ ደግሞ ከጀርባዬ፣ «ከፈረምሽ ነገ እንዳትመጪ!»...

እ?... ፊደል አለመቁጠሬን ታውቂ የለ። ተቆጣጣሪዋን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግኳት፤ ኃላፊዋም ሁለቱንም ጊዜ ቆማ ሰማች። ከዚያ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ተጫንኩበት... አዎ። ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ነው የተጫንኩት።

በይ፣ አንዷ ነቃች። ቀለሙ ገና አልለቀቀኝም፣ እጄን ታጥቤ ላንሳት። ቻው።