በቀይዋ መኪና የታሰረ ማረሻ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ነው፤ ሰኔ አሥራ ሰባት፣ ማክሰኞ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ሊነጋጋ ሲል አባራ። የመካነ ሰላም ሰማይ ገና እንደ ከበደ ነው። ሦስት ዓመት የጠማው መሬት ጠጥቶ ጠግቦ፣ ሲረግጡት እግር ያሰምጣል።

አሻግሬ ዝምተኛ ገበሬ ነው። በቀን ከሦስት ቃል በላይ ከተናገረ ሚስቱ «ዛሬ አሞህ ይሆን?» ትለዋለች። ያን ዕለት ግን ዝናቡ እንደ ጠላ ራሱ ላይ ወጥቶበታል።

በስልሳ ስድስት፣ ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ ሲያጣ፣ ማረሻውን በሁለት ቁና ሽምብራ ለውጦ ነበር። ዘንድሮ ከአጅባር፣ ከተሰበረ የጭነት መኪና ሞላ የተቆረጡ ሦስት ብረቶች አግኝቶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ብረት ቀጥቃጩ ካሳ ዘንድ አስቀመጣቸው፤ አንዱ ለራሱ ማረሻ፣ አንዱ ለጎረቤቱ ለበላይ ማረሻ፣ ሦስተኛው ለዶማ። አሻግሬና በላይ ከረኀቡ የተረፋቸው አንዳንድ በሬ ነው፤ መቀናጆ ገብተው፣ ሁለቱን በሬ አጣምደው በተራ ያርሳሉ። ነገ ረቡዕ የአሻግሬ ተራ ነው። ነገ ካመለጠው እስከ ሳምንቱ ቀን የለውም፤ የገብሱ ዘር ወቅትም ያልፋል። ከምርቱ ሲሶውን የሚወስድ ባለመሬት የሌለበት የመጀመሪያ እርሻው ይህ ነበር።

ጠዋት ማረሻውን ሊወስድ ሲሄድ ብረቶቹ የሉም። ቅዳሜ ከደሴ በቀይ የውድድር መኪና የመጣው አማቹ፣ የልጁ የወርቄ ባል፣ ካሳን «አባቴ ፈቅደዋል» ብሎ፣ ሦስቱንም አስበስቶ የመኪናዋ ማጠንከሪያ አድርጓቸዋል። መኪናዋ ካሳ ደጅ ቆማለች። አማቹ ከስሯ ተንጋሏል፤ ከጉልበቱ በታች ብቻ፣ አፍንጫቸው የሾለ ሁለት ጫማዎች ይታያሉ።

በዚያ አገር አማችን ፊት ለፊት መገሠጽ ነውር ነው። ስለዚህ አሻግሬ ካሳ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ካሳ፣ ድምፁን ወደ ጫማዎቹ አደረገ።

«እንዴት አደርክ ካሳ ወንድሜ? ቤተሰቡ ደኅና? ከብቱ ደኅና? ወናፉን እርጥበቱ አላስቸገረብህም? … ዝናቡን አየኸው? የእኔ ጣራ በሦስት ቦታ አፈሰሰ። ሚስቴ እንስራ ልትደቅን ስትሮጥ፣ 'ተይው ይፍሰስ፣ ናፍቆናል' አልኳት። በሬዬም ሌሊቱን ሲያገሳ አደረ። ተራው ነገ መሆኑን ማን ነገረው?

«ኧረ ይቺ መኪና ምንኛ ታምራለች! ቅላቷን እይ! ከደሴ እስከዚህ ያስቆማት የለም አሉ። ጭቃው ነው ትንሽ ያነጋገራት… አሥር ቦታ ብቻ። ልጄ ወርቄ ስትደርስ አየኋት፤ ከወገቧ በላይ ነጭ፣ ከወገቧ በታች ጭቃ። 'ምነው ልጄ?' ብላት፣ 'ስገፋ ነው አባዬ' አለችኝ። እንዴት ደስ አለኝ! እኔ ስድራት መኪና ላይ ተቀምጣ የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መኪና ለማስኬድ ኖሯል የተፈለገችው። የአባቷ ጉልበት አለባት፣ አብሽር።»

አንደኛው ጫማ ትንሽ ተነቃነቀ። አሻግሬ አይቶ እንዳላየ ጢሙን ዳበሰ። ሳቁ ከሆዱ ተነስቶ ጉሮሮው ላይ ይፈላበታል።

«እስቲ ሙያውን እንደ ገባኝ ልንገርህ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። ለካ ፈጣን መኪና ስትበር ሰውነቷ እንደ ቅርጫት ይጠማዘዛል። መታጠፊያ ላይ አንዱ ጎን ወዲያ፣ አንዱ ጎን ወዲህ። ስለዚህ ብረት ይታሰርላታል። አንዱ ከፊት፣ ከሞተሩ በላይ አልፎ የግራና የቀኝ ሞላዎቿን አናት ያያይዛል። አንዱ በሆዷ ስር ያልፋል። አንዱ ከኋላ ወንበር ስር። ከዚያ ወዲያ አለት ናት! ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ወደ እኛ ቤት በጋብቻ መምጣቱ… እንዲህ ያለ ዕድል ለስንቱ ይደርሳል?

«ምርጫቸውስ ካሳ! ባሕር ዛፍ ብታቀርብላቸው 'ይሰነጠቃል' አሉህ። የተጣለ የውኃ ቧንቧ ብታሳያቸው በጉልበታቸው አጥፈው ወረወሩት። ቀጭን ብረት ስታመጣ 'ይህማ ለመስኮት ነው' ብለው ሳቁብህ። አሁን እንደ እሳቸው የሚመርጥ አለ? ከዚያ ዓይናቸው ጥግ የቆሙት ሦስቱ ላይ አረፈ። በመዶሻ ኮርኮም አድርገው፣ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ድምፁን ሰሙ አሉኝ። እኔ ያን ብረት ከአጅባር ተሸክሜው ስመጣ ትከሻዬ ተላጠ እንጂ አንድም ቀን ድምፁን አልሰማሁለትም። ገበሬ ምን ያውቃል? … 'አባቴ ፈቅደዋል' አሉህ አይደል? አትደንግጥ፣ በአንተ አልፈርድም። ልክ ናቸው እኮ! ፈቅጃለሁ። መፍቀዴን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ሆነ እንጂ።»

ካሳ አንገቱን ደፍቶ አመዱን በእንጨት ይጭራል። ወሬውን ሰምተው ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰቡት ሰዎች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጫማዎቹ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ሸሹ።

«አገጣጠሙንስ አየኸው? እኛ ገበሬዎቹ ቀንበር ስንለካ በሬዎቹን ደልዳላ መሬት ላይ እናቆማለን። አንዱ ጉብታ ላይ፣ አንዱ ጎድጓዳ ላይ ሆኖ የተለካ ቀንበር ዕድሜ ልኩን አንገት ሲልጥ ይኖራል። ይህ እንግዲህ የኛ የደካሞቹ ልማድ ነው። እሳቸው ግን አንዱን ጎማ ድንጋይ ላይ አወጡ፣ ሌላውን ጉድጓድ ውስጥ ተዉ፤ እንደ ተጣመመች ቡሎኑን ሲጢጥ እስኪል አጠበቁት። ጠማማነቷ አንድ ቀን አምልጧት እንዳይሄድ… በብረት አሰሩላት! ከድንጋዩ ስትወርድማ ሦስት ጎማዋን መሬት አሳርፋ አራተኛውን ከፍ አደረገች። አጥር ጥግ የቆመ ውሻ አይተህ ታውቃለህ? እንደዚያ። ግን እንዴት ያለ ጨዋ አነሳስ!

«ጠዋት ገበያው ሜዳ ላይ ሲሞክሯት ነበርክ? እኔ ነበርኩ። መሪውን ወደ ደሴ መንገድ አዞሩ፤ እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሄደች። ሃይማኖተኛ ናት! የሰኔ ጾም ትናንት መያዙን ሰምታለች። በሯ ደግሞ በየመታጠፊያው ብርግድ ይላል፤ ሰው ሰላም ለማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ስንት አህያ ቆሞ አየ! ካሳ ሙት፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጥርሴ የታየው ዛሬ ነው። በላይ አፌን አይቶ 'ለካ አልወለቁም' አለኝ።»

ውጭ የቆሙት መታገሥ አቃታቸው፤ ሳቁ አጥሩን ነቀነቀው። አሻግሬም ሳቀ፤ ዓይኑ እስኪያነባ፣ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ጠርጎም ቶሎ ቀና አላለም።

«ደግ ሰው ናቸው እኮ፣ ካሳ። ሰው አያውቅላቸውም እንጂ። ያን ጊዜ፣ እኔ ማረሻዬን በሽምብራ ስለውጥ… ደሴ ላይ ያን ጊዜም መኪና ይነዱ ነበር፣ የአሠሪያቸውን። መንገዱም አልተዘጋም ነበር። አልመጡም። ለምን ይመስልሃል? ክፉ ሰው ቢሆን 'ረሱን' ይላል። እኔ አልልም። ቢመጡ ኖሮ ሚስቴ የቀረችውን አንድ ጭብጥ ባቄላ ቆልታ ታቀርብላቸው ነበር፤ እንዳያጎድሉብን ብለው ቀሩ። እንዲህ አስቦ የሚቀር ሰው አሁን ከየት ይገኛል? … እናቴ እስክታርፍ ድረስ 'የወርቄ ባል መኪና ድምፅ ሰማሁ፣ በሩን ክፈቱ' ትለን ነበር። በየቀኑ እንከፍት ነበር። ጆሮዋ እስከ መጨረሻው ደኅና ነበር፣ ነፍሷን ይማር።»

ሳቁ ቆመ። ጫማዎቹም መነቃነቅ ተዉ።

አሻግሬ ተነሳ። ከጫማዎቹ አጠገብ የወደቀውን የቡሎን መፍቻ አነሳ፤ እንደ ዶማ እጀታ በመዳፉ መዘነው። ዞሮ የመኪናዋን ኮፈን ከፈተ። የመጀመሪያው ብረቱ እዚያ ነበር፣ ከሞተሩ በላይ፣ ሁለት ሁለት ቡሎን በግራና በቀኝ። በሕይወቱ ቡሎን ፈትቶ አያውቅም፤ ግን የጠበቀ ነገር ሲላላ ወዴት እንደሚዞር እጁ ቶሎ አገኘው።

«ነገ እንግዲህ ረቡዕ ነው፣ ካሳ። በላይ በሬውን ማታውኑ ያመጣልኛል። ደግሞ እሳቸውን አስቀይሜ እንዳይመስልህ፤ ይቺን ትንሽ ላላ ላድርግላት ብዬ ነው። ትጠማዘዝ ከሆነ ትጠማዘዝ… የለመደችው ነው።»

አራተኛው ቡሎን ወልቆ እጁ ላይ ወደቀ። ብረቱን አውጥቶ መሬት ላይ አቆመውና ተደገፈው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንተም ባርኔጣህን አውልቅ፤ ልመርቅ ነው። ሰው ለፍቶ ሠርቶ ሳይመረቅ ማደር የለበትም። የዚህችን መኪና ባለቤት እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። ረጅም እርጅና ይስጣቸው፤ ጉልበታቸው እስኪዝል፣ ደጅ ወጥተው መግባት እስኪያቅታቸው። ብዙ ልጆች ይስጣቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ ፈጣን፣ ጎማዋ የማይነሳ፣ በሯ የማይከፈት መኪና ይስጥላቸው። መንገዱንም ክፍት ያድርግላቸው። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ደግሞ… እሳቸው ለእኛ እንደ ደረሱልን፣ ልጆቻቸው ልክ እንደዚያው ይድረሱላቸው። አሜን በል፣ ካሳ።»

ካሳ አሜን ማለቱንም አለማለቱንም ፈራ።  ከዚያ ከመኪናዋ ሆድ ስር ብረት በብረት ላይ ሲዞር ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቀስ እያለ። ሁለተኛው ብረት ጭቃውን እየላሰ በሾሉት ጫማዎች መካከል ተንሸራቶ ወጣ።

አሻግሬ ጎንበስ ብሎ አነሳው። የኋላውን በር ከፍቶ ሦስተኛውን አየ። የዶማው ድርሻ ነበር። ከወንበሩ ስር ታስሯል፤ ወንበሩ ላይ የወርቄ ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በሩን መልሶ ዘጋው፤ አልዘጋ ሲል በትከሻው ገፋው። መፍቻውን ጫማዎቹ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠ።

ሦስተኛውን ሊተወው ወሰነ፤ ልጁ በዚያች መኪና ነበር የምትመለሰው። ሁለቱን ብረት በካሳ እሳት ውስጥ ከተተ፣ ወናፉን ራሱ ያዘ፤ እስኪመሽም ካሳ ሁለቱን ማረሻ ቀጥቅጦ ጨረሰ። በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በሬውን ከበላይ በሬ ጋር ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ ጠመደ።