ጣሪያውን ከሥሩ ያዩት ትልቅ ሰው

ጎንበስ ልበል? እሺ… እጅሽ ይባረክ! የፀጉሬን ጫፍ ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ፣ ዛሬ ማማር አለብኝ። ማድረቂያው ካስክ ሥር ያሉት እመቤት ግን ሞቃቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ቀላ… ካስክ ውስጥ ደግሞ ምንም አይሰማም አይደል? እንግዲያስ ጮክ ብዬ ላውራ!

ለምን እንደምስቅ ልንገርሽ? ሕንፃችን ጣሪያ ላይ የስልክ አንቴና ተተክሎ አልነበር? ጨረሩን የሚለካው፣ የአካባቢ ግምገማውን የሚሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ላከልን። ስማቸውን ተይው… ሥራቸው ይናገር የለ? ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ ስድስት ፎቅ! እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ለሀገር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀመጡና በእጃቸው ዓይናቸውን ጋርደው ሽቅብ አዩ። «ነገርን ከሥሩ» ይባል የለ? አንቴናውን ከሥሩ አዩታ! መለኪያው? ሳጥኑ ውስጥ። በዝግ አፍ ዝንብ ካልገባ፣ በዝግ ሳጥን ጨረር ይገባል እንዴ?

«ጣሪያው ላይ ሰው የለም» አሉ። ይህን ሲሉ… ውይ ሆዴን!… እርጥብ የሕፃን ካልሲ ከላይ ዱብ! ትከሻቸው ላይ! የጽዳት ሠራተኛችን ከነመንትዮቿ እዚያው ጣሪያው ላይ ባለችው ክፍል አይደል የምትኖረው? መስኮቷ ከአንቴናው ፊት ለፊት። ልብስ እያሰጣች ነበር። እሳቸው ካልሲውን አራግፈው «ነፋስ ነው» አሉ። ሮጣ ወርዳ «ጌታዬ፣ እኛስ?» ብትላቸው፣ «እናንተ ግምገማው ውስጥ የላችሁም» አሏት። ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው… እንዲህ ያለ እምነት የት ይገኛል?

የመንትዮቹ እናት ግን አልሳቀችም። ሕፃናቱን ታቅፋ እኔ ቤት መጣች፤ ሳሎኔ ውስጥ ከረሙ።

ጎረቤቱ ተሰብስበን መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደን ጮኽን። ሌላ ባለሙያ ተላከች። ያቺ ደግሞ ምስኪን፣ አሠራሩን አታውቅም… ደረጃውን ወጣችው! በእግሯ! መንትዮቹ መስኮት ላይ ስትለካ፣ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። «አንቴናው ካልጠፋ አልወርድም» ብላ ቁጭ። አጠፉት። ከመንትዮቹ ክፍል አርቀው፣ ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ ተከሉት፤ ደግማ ለካች፣ ደህና ሆነ። ትናንት መንትዮቹ ቤታቸው ገቡ! ጣሪያው ላይ ድስት እየደበደብን ስንጨፍር ብታዪን!

እሳቸውማ ዕቃ ቤት ተዛወሩ አሉ። ሰው «ዝቅ ተደረጉ» ይላል… ምቀኛ! ምድር ቤት እኮ ነው፣ ደረጃ የለውም። እንዴት የሚያስብላቸው መሥሪያ ቤት ነው!

ውይ እመቤቴ፣ ተነሡ? ገና ሳይደርቅልዎ? ለጌታው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ እንጂ። ልጆችዎን ፈጣሪ ያሳድግልዎ… በሄዱበት ሁሉ፣ ልክ እንደ አባታቸው ነቅቶ የሚጠብቃቸው ሰው ይዘዝላቸው… ምነው፣ አሜን አይሉም?