ለዝቃጭ የሚሆን መድኃኒት

ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት ባልቴት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«የእጮኛዬ እናት ዘንድ ነው የምሄደው፤ ገና መተዋወቃችን ነው» አለች ወጣቷ።

«እሰይ! ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?»

«ጭንቄ እሱ ነው፣ እማማ። ልጃቸው ‹መድኃኒት ላይ ነው የምትሠራው› ብሏቸዋል።»

«ታዲያ አይደለም?»

«ነው፤ ግን የሽንት ቤት ዝቃጭ ላይ የሚጨመር ኬሚካል ነው።»

«በስመ አብ! ዝቃጭ ደግሞ ይታመማል?»

«ውሃውን አልለቅም ይላል። አምና ክረምት ከከተማው ተመጥጦ የሚደፋበት ማድረቂያ ገንዳችን ሳይደርቅ ሞልቶ የሰው ማሳ ውስጥ ገባ፤ ገበሬዎቹ ሊደበድቡን ነበር። አሁን ኬሚካሉን ስንጨምርበት ይቋጠርና ውሃው ለብቻው ይወርዳል። ልክ አይቡ ከአጓቱ እንደሚለየው።»

«አይብ አትበይኝ! ልበላው እየሄድኩ!»

ሁለቱም ሳቁ።

«ዛሬ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች ወጣቷ።

«ቢከፋቸውስ?»

«ይክፋቸው። ዘንድሮ ማሳው ድኗል፤ የማፍርበት ሥራ አይደለም።»

ባልቴቷ ትንሽ አሰቡና፣ «ንገሪያቸው፤ ብቻ ምሳ ከተበላ በኋላ ይሁን» አሏት።

ልጅቷ አማኑኤል መግቢያ ላይ ወርዳ ነጠላዋን እያስተካከለች ስትሄድ፣ ከዓይኔ እስክትሰወር ድረስ በመስኮቱ ተመለከትኳት።