ለእትዬ ብርጭቆ፣ ስለ ቃሪያው ረድፍ

ጋሼ፣ ከእትዬ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ጣራ ሥር የኖሩት፤ የእትዬ ልጆች፤ የእርሻችን አለቃ፤ ከችግኝ ቤት እስከ ማሸጊያ ክፍል ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፤ እግራችሁን አድክማችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ።

እኔን ሲያዩ ገና ከወዲሁ ከንፈራቸውን የነከሱ አሉ። አንቺ የማሸጊያዋ፣ አትደበቂ፤ አይቼሻለሁ። «ይሄ ደግሞ ቀብር ላይም ሊቀልድ ነው» ብላችኋል። ምን ላድርግ! ስም አንዴ ከወጣ ሰው እውነቱን ሲናገርም ይሳቅበታል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ መርጫ ተሸክሜ የምውል መድኃኒት ረጪ ነኝ። ንግግር አላውቅም። የማውቀው እትዬን ነው።

እትዬ ማን ነበሩ? የሥራ ወረቀታቸው ላይ «የሰብል በሽታ ተቆጣጣሪ» ይላል። እኛ ግን «እትዬ ብርጭቆ» ነበር የምንላቸው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጫማ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ነው። ግሪን ሀውሱ በር ላይ መድኃኒት የተቀላቀለበት ውሃ በዝርግ ገንዳ ተቀምጧል። ማንም ጫማውን ሳይነክር አይገባም። እኔ ምን አደረግሁ? እንደ ፍየል ዘለልኩት። እትዬ ከቲማቲሙ መሀል ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ማነው ይሄ ቁንጫ?» አሉ። ይኸው፣ ስሜ ያን ቀን ወጣ። ለቅጣት ሳምንቱን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጬ የሰው ጫማ ሳጥብ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን አለቃ መጡ። የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርገዋል! ጎንበስ ብዬ ላሳልፋቸው ስል፣ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ጌታዬ፣ በሽታ አለቃና ምንዝር አይለይም። ይንከሩ።»

ነከሩ። አለቃ፣ ዋሸሁ? ይኸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ያ ደረቅ ዓመት መጣ። ታስታውሱታላችሁ አይደል? ዝናቡ የገባበት ጠፋ። የጉድጓዱ ውሃ እየራቀ ሄዶ ፓምፑ ጭቃ መትፋት ጀመረ። አንድ ጠዋት የላይኛው ማሳ ቲማቲም አንገቱን ደፍቶ ተገኘ። ሁላችንም «ጠማው!» አልን። አለቃ «ያለችውን ውሃ ልቀቁለት!» አሉ። ማን ነው «ቆይ» ያለ? አንድ ሰው ብቻ። እትዬ።

አንድ ግንድ ቆረጡ። ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠሉት። ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ቀጭን ነጭ ክር ከግንዱ እየተፈታ ቁልቁል ወረደ።

«ጥም ቢሆን ውሃው አይደፈርስም ነበር» አሉ። «ይሄ አጠውላጊው በሽታ ነው። ውሃ ከለቀቃችሁ በቦዩ ይዞት ሄዶ ቃሪያውንም ይጨርሰዋል።»

ማን ይስማቸው! አለቃ ተቆጡ። የውሃ ሠራተኛው መክፈቻውን ሊያዞር ሄደ። እትዬ ቀደሙት። ሄደው መክፈቻው ላይ ቁጭ! «ኧረ ይነሱ እትዬ» ሲላቸው ምን አሉ?

«እኔ ከዚህ ከተነሳሁ፣ እናንተ ሁላችሁ ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ።»

እስከ ቀትር ድረስ ፀሐይ እየበላቸው ተቀመጡ። በመጨረሻ አለቃ ተረቱ፤ የታመመው ቲማቲም ተነቅሎ ተቃጠለ። ቃሪያው ተረፈ። እኛም ተረፍን። እዚህ ከቆምነው ውስጥ ስንቱ ነው ያን ዓመት ከሥራ ሳይወጣ የቀረው? እስቲ እርስ በርስ ተያዩ።

አሁን የኔ ኃጢአት። አለቃ እስከ ዛሬ አልሰሙትም፤ እንግዲህ ይስሙት። ከዚያ ወዲህ ያ ብርጭቆ ተከበረ። እኔ ደግሞ የተከበረ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። አንድ ቀን እትዬ የቃሪያ ግንድ አንጠልጥለው ዞር ሲሉ፣ ከቁርሴ ወተት ጠብ አደረግሁበት። ነጭ ክር! ከእውነተኛው ያማረ! ከሳጥኖቹ ጀርባ ተደብቄ ሳቄን በእጄ አፈንኩ።

እትዬ መጡ። አዩ። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ አልጮኹም። ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። እንባቸው ዱብ አለ። ከዚያ ተነስተው፣ መቆፈሪያ ይዘው፣ ቃሪያውን በገዛ እጃቸው ሊነቅሉ ሄዱ። ያን በፀሐይ ተቀምጠው ያተረፉትን ቃሪያ! ከሳጥኖቹ ጀርባ ወጣሁ። ሮጥኩ።

«እትዬ… ወተት ነው።»

ተመልሰው ብርጭቆውን አሸተቱ። እኔ ጉንጬን ለጥፊ አዘጋጅቻለሁ። አልመቱኝም። «አንተ ቁንጫ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ነገ እውነት አይተህ ብትጮህ ማን ያምንሃል?»

ለማንም አልተናገሩብኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን እሳቸው አንድ ግንድ ሲቆርጡ ሁለተኛውን የምቆርጠው እኔ ሆንኩ። «አንድ ዓይን ይሳሳታል» ይሉ ነበር፤ «ያንተ ደግሞ ተንኮሉን ሳይቀር ያውቀዋል።» ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስንቆርጥ ኖርን።

ያ የፈሩልኝ ቀን ከሦስት ቀን በፊት ደረሰ። እትዬ ሆስፒታል ተኝተዋል። ዝናብ የለም፤ ውሃው በተራ ነው። የታችኛው ማሳ ቃሪያ አራት ረድፍ ጠውልጎ አደረ። ቆረጥኩ። አንጠለጠልኩ። ጠበቅሁ። ውሃው ንጹሕ። ሌላ ቆረጥኩ፤ ንጹሕ። ሦስተኛ፤ አሁንም ንጹሕ። «ጥም ነው፤ ውሃ ይለቀቅ» አልኩ።

ሳቃችሁ! «ቁንጫ ዶክተር ሆነ!» ያለው ማን ነበር? ዛሬ ስም አልጠራም፤ ጆሮው የቀላውን እዩ። አለቃ አልሳቁም። «በቀልደኛ ቃል ማሳዬን አላስይዝም፤ ሳይዛመት ይነቀል» አሉ። መቆፈሪያዎቹ ወጡ። እኔ መሐላ ደረደርኩ። ማን ይመነኝ? የዘራሁትን ነበር የማጭደው።

በመጨረሻ አለቃ ለእትዬ ስልክ ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። የእትዬ ድምፅ በትንፋሽ እየተቆራረጠ መጣ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ስንት ቆረጠ?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ልቀቁለት። እሱ ያየውን እኔ እንዳየሁት ቁጠሩት።»

ሰው ለሰው ብዙ ነገር ይሰጣል። ልብስ ይሰጣል፣ ምክር ይሰጣል። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ታማኝነት አውጥቶ ለአንድ ወሮበላ የሚያበድር ግን ማን አለ? ማን አለ ወገኖቼ?

ውሃው ተለቀቀ። በማግስቱ ገና ሲነጋ ማሳው ላይ ነበርኩ። ረድፉ ቀና ብሏል። አራቱም! በዚያው ሩጫ ሆስፒታል ደረስኩ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጄን ብቻ ያዙኝ።

እትዬ፣ ወሬውን ሳላደርስልዎ ቀደሙኝ። አሁን ልንገርዎ፤ ሰውም ይስማ። ጥም ነበር። ቃሪያው ድኗል። ዛሬ ጠዋት አይቼው ነው የመጣሁት፤ አበባውም አልረገፈም። በቀልድ አይደለም። ከተጠራጠሩኝ ይነሱና ይዩት።

…

አልተነሱም። አመኑኝ ማለት ነው።

ደህና ይሁኑ፣ እትዬ።